ሬዲዮ ዝም ያለ ዕለት

የአንዲት ዋና ወዳድ ልጅ አጎት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሬዲዮ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የጸጉር ቤቱ ደንበኞች ናቸው። ጸጉር አስተካካይ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ መቀሱ አንዳንዴ ያርፍ ነበር እንጂ ምላሱ አርፎ አያውቅም። የአንዱን ጺም እየላጨ የሌላውን የፍቺ ወሬ ይተርካል፤ ወሬው ጥሞት ግማሽ ፊቱን ብቻ ላጭቶ ያሰናበተው ደንበኛም አለ ይባላል። ጡረታ ሲወጣ ሰዉ «እሰይ፣ አሁን እንኳ ባትሪው ያልቅ ይሆናል» ብሎ ነበር። ወይ ፍንክች! እንዲያውም ቀኑን ሙሉ የሚያወራበት ጊዜ አገኘ።

ይህ ሰው ታዲያ በዓመት አንድ ቀን ሥራ አለው። ሥራው ደግሞ መስመጥ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲከር የከተማው መዋኛ ገንዳ ለወጣቶች የእረፍት ጊዜ ሥራ ያወጣል። ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋናተኞችን መጠበቅ፣ የሚሰምጥ ሲኖር ዘሎ ማውጣት፣ በቃ ነፍስ አድን መሆን ነው። አመልካቾቹ መጀመሪያ ሥልጠና ይወስዳሉ፤ በመጨረሻው ቀን ይፈተናሉ። ያለፈ ሰው ፊሽካና ቀይ ካኒቴራ ተሰጥቶት ወቅቱ እስኪያልቅ ይሠራል፤ ከነሱም ጎበዝ የተባለው ወደ ትልቁ ማሠልጠኛ ይላክና ቋሚ ሥራ ይዞ ይወጣል። ለፈተናው እንግዲህ ሰማጭ ያስፈልጋላ! ሰማጩ ሬዲዮ ነው። ከዋናተኞቹ መሃል ገብቶ ሲንቦጫረቅ ይቆይና ድንገት እጁን እያርገበገበ «ኧረ ያገር ያለህ! አለቅሁ! ልጆቼን አደራ!» ብሎ ይጮሃል። ልጅ የለውም። ያለችው የእህቱ ልጅ ብቻ ናት።

ከመስመጡ በፊት ግን አንድ የማይዘለው ነገር አለ። የላይኛው ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው። አንድ ዓመት አደራውን እያለ ሲጮህ ጥርሱ አፈትልኮ ገንዳው ሥር ገባና ተፈታኞቹ ሁሉ እሱን ትተው ጥርሱን ፍለጋ ጠለቁ። እንዲያ ያለ ውርደት አይቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ትወናውን ከመጀመሩ በፊት ጥርሱን አውልቆ ቲኬት ቆራጯ መስኮት ላይ ባለችው ነጭ ኩባያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቲኬት ቆራጯም ኩባያዋን በሶፍት ትሸፍንና ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ይህን የሚያውቁት እሷና የእህቱ ልጅ ብቻ ናቸው፤ በየዓመቱ አዲስ ለሚመጣው ተፈታኝ ማን ይነግረዋል?

የእህቱ ልጅ ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ልትፈተን ነው። የመጀመሪያው ዓመት የወደቀችው በችኮላ ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲቆይባት ሰመጠ ብላ ዘለለችና አንገቱን አንቃ አወጣችው። ሰውዬው ለካ የወደቀ መነጽሩን እየፈለገ ኖሯል። «ልቀቂኝ! ምን ያለችዋ እብድ ናት!» ሲል ገንዳው በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም። በሁለተኛው ዓመት ሬዲዮ ልጆቹን አደራ እያለ ሲጮህ ዳር ላይ ቆማ ቀረች። አይታዋለች፣ ሰምታዋለች፣ እሱ መሆኑንም ታውቃለች፤ ግን «ደግሞ ተሳስቼ ቢስቁብኝስ?» የምትል ሐሳብ እግሯን ከሲሚንቶው ጋር ሰፋችው። ሐውልት የሚለው ስም የወጣላት ያን ቀን ነው።

ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም። አባቷም ቁርጡን ነግሯታል። «ዘንድሮ ካልሆነ ይኼ ዋና ምናምን የምትሉት ነገር ይበቃል። መጥተሽ ከወንድምሽ ጋር ሱቅ ትቀመጫለሽ።» ወንድሟን ትወደዋለች፤ ሱቁ ግን አይሆንላትም። ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ሳሙናና ክብሪት ስታቀብል ዕድሜዋ ሲያልቅ ይታያትና ትንፋሽ ያጥራታል። ሰውነቷ የራሷ የሚመስላት ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። ዋና ያስተማራትም፣ እንደ ልጁ ያሳደጋትም ይኸው ሬዲዮ ነው።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲወጡ ሬዲዮ ገና ከበሩ ወሬውን ለቀቀው። ስለ ጎረቤት ውሻ አወራ። ቧንቧ ሊጠግን መጥቶ ቤቱን በውሃ ስለሞላው ሠራተኛ አወራ። እሷ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ አንዱንም አልሰማችውም።

«አዲሷ አሠልጣኝ አስጠርታኝ ነበር» አለ ድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ አደረገ ማለት ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰው ብቻ ተሰማ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ስለ ፈተናው ከሆነ አትንገረኝ።»

«የምነግርሽ ነገር እኮ የለም። ዘንድሮ ጩኸት የለም ነው ያለችኝ። እውነተኛ ሰማጭ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ እርስዎም ዝም ብለው ይስመጡ አለችኝ። እኔን! ዝም ብለው ይስመጡ!»

«ጋሼ!» ብላ መንገዱ ላይ ቆመች። «ለተፈታኝ እንዳይነግሩ አላለችህም?»

«ብላኛለች። አንቺ ታዲያ ተፈታኝ ነሽ እንዴ? ልጄ ነሽ እንጂ!»

ደሟ ፈላ። የአላፊ አግዳሚው ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ ያረፈ መሰላት። «ቢሰሙ እኮ ያባርሩኛል! ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁበትን በአፍህ ልታጠፋው ነው? ምናለ ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ቀን እንኳ አፍህን ብትዘጋ!»

የደነገጠችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው። እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ሬዲዮ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው። ፎጣውን አስተካከለ። ከዚያ በኋላ እስከ ገንዳው በር ድረስ ቃል አልተነፈሰም። አንዴ ብቻ ቆም ብሎ ደረቱን በመዳፉ አሸት አሸት ሲያደርግ «ምነው?» አለችው፤ እጁን አወናጭፎ መንገዱን ቀጠለ። ተቀይሞኛል አለች በሆዷ። ፈተናው ይለቅና እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብላ ነገሩን አሳደረችው።

አሠልጣኟ ዘንድሮ ከትልቁ ማሠልጠኛ የተላከች ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ጥርሷን ያየ ሰው የለም። ተፈታኞቹን በግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ደርድራ፣ በአንድ እጇ ፊሽካ፣ በሌላው ሰዓት መያዣዋን ጨብጣ ፊታቸው ቆመች።

«ስሙኝ። በየተራ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይወጣል። ሰማጩ መቼ እንደሚጀምር የሚያውቀው ራሱ ነው። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ካየ አየ፣ ካላየ አላየም። የቀራችሁት ከዚህ አትነቃነቁም። መነሳት የለም፣ መጠቆም የለም፣ ማሳል የለም። አምና በሳል ስትጠቋቆሙ ነበር አሉ። በሰው ተራ ከአግዳሚው የተነሳ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ወድቋል። ገባችሁ?»

«ጉንፋን የያዘውስ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ይዋጠው።»

የሳቀ የለም። የመጀመሪያው ተራ የሻምፒዮን ሆነ። ሻምፒዮን ትከሻው በር የማያሳልፈው፣ ሜዳሊያ በሜዳሊያ የሆነ ወጣት ነው፤ እዚህ ገንዳ ሲመጣ ዘንድሮ ገና የመጀመሪያው ነው። ቢሆንም የሰውን ቅጽል ስም ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። በአጠገቧ ሲያልፍ ጎንበስ አለና «አይዞሽ ሐውልት፣ መቀመጡ ላንቺ ይቀልሻል» አላት። ጉንጯ እሳት ሆነ። ምን እንደምትመልስለት ስታስብ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ነበር።

ገንዳው በሰው ጢም ብሏል። ሕፃናት ጥልቀት የሌለው ጫፍ ላይ ውሃ ይረጫጫሉ፣ ኳስ ይወረወራል፣ እናቶች «ኧረ ተው!» ይላሉ። የክሎሪኑ ሽታ ከፀሐዩ ጋር ተደምሮ ዓይን ያቃጥላል። ሬዲዮ ከሻወር ቤቱ ወጣ። ያቺን የነተበች ሰማያዊ ቁምጣውን ለብሷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአግዳሚው ፊት ሲያልፍ «እናንተ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የተቀመጣችሁት?» ማለቱ አይቀርም ነበር። አሁን ግን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ቀስ እያለ፣ በገንዳው ዳር፣ በቲኬት ቆራጯ መስኮት በኩል ዞረ። መስኮቱን ሰልፈኛው ጋርዶታል፤ ቆሞ ይሁን አልፎ ይሁን አላየችም። ከዚያ መሰላሉን ይዞ ወረደ።

የመሰላሉን ብረት ቶሎ አልለቀቀውም። ውሃው ቀዝቅዞት ይሆናል አለች። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀና ወደ ጥልቁ መሃል በዝግታ ዋኘ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

መጀመሪያ ያየችው ጭንቅላቱን ነው። ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል፤ ፊቱ ወደ ሰማይ፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። እጆቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫኑታል። አፉ ይጠልቃል፣ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል። አሠልጣኟ ሰሌዳው ላይ እየሣለች ያስተማረቻቸው ይኸው ነበር፤ እውነተኛ ሰማጭ እንዲህ ነው ያለችው ሰው ቁጭ። አሠልጣኟም አየችው። በረካ ፊት ራሷን ነቀነቀችና የሰዓቷን ቁልፍ ቀጭ አደረገች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሻምፒዮን መለሰች፤ እሱ ያይ እንደሆነ ልታይ።

ሻምፒዮን አላየም። ሰማጩ «ያገር ያለህ» ብሎ እንደሚጮህ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠያይቅ ከርሟል፤ አሁን ጆሮውን አቁሞ ያንን ጩኸት ይጠብቃል። ዓይኑ የሕፃናቱ ጫፍ ላይ ነው።

ልጅቱ በሆዷ «ይገርማል፣ እንዴት አድርጎ ነው ያጠናው!» አለች። ዝም ብለው ይስመጡ ተብሏል፣ ዝም ብሎ እየሰመጠ ነው። ጠዋት እሷም አፍህን ዝጋ ብላዋለች፣ አፉን ዘግቷል። ሁሉም ነገር ልክ ነው። ታዲያ ልቧ ለምንድነው እንዲህ የሚደልቀው?

በዚህ መሃል ቲኬት ቆራጯ መስኮት ላይ የተኮለኮለው ሰልፍ ተንቀሳቀሰ። አንዲት ሴትዮ ልጆቿን እየጎተተች ከመስኮቱ ዞር ስትል ነጯ ኩባያ ታየቻት። በአፏ ተደፍታ፣ ሶፍቱ ላይ ተቀምጣለች። ደረቅ ናት። ባዶ ናት።

ጥርሱን አላስቀመጠም።

ጥርሱን ያላወለቀ ሬዲዮ ትወናውን አልጀመረም ማለት ነው። ትወናውን ካልጀመረ ታዲያ ይኼ ምንድነው? ወዲያው ደግሞ ሌላው ሐሳብ መጣባት። ረስቶት ቢሆንስ? ሻወር ቤት ትቶት ቢሆንስ? በኔ ተናዶ ኩባያዋን ሳያያት አልፎ ቢሆንስ? ብነሳ ወደቅሁ። የሻምፒዮንን ፈተና አበላሸሁ። ጋሼ ደግሞ ከውሃው ብቅ ብሎ «ምን ሆንሽ አንቺ፣ እንዲህ አሳምሬ እየሰመጥኩ!» ይልና ገንዳው በሙሉ ይስቃል። የወፍራሙ ሰውዬ ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ተነሳ። የወንድሟ ባንኮኒም መጣባት። እግሮቿ እንዳምናው ሲከብዱ ተሰማት። ጣቶቿ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨምድደው ይዘዋል።

አፉ ጠለቀ። ብቅ ለማለት ከቅድሙ ይልቅ ቆየ።

«አሠልጣኝ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

አሠልጣኟ ዞር ሳትል «ዝም!» አለቻት።

«ጥርሱን አላወለቀም።»

«ምን?» አሠልጣኟ አሁን ዞረችና እንደ እብድ አየቻት። «ምንድነው የምትዪው? ዝም ብለሽ ቁጭ በይ! አንድ ቃል ብትጨምሪ...»

ጥርሱንና ኩባያውን ለማስረዳት ጊዜ የለም፤ ቢኖርስ ማን ያምናታል? ወደ ውሃው አየች። የሬዲዮ ግንባር ብቻ ነው የቀረው። ያ አፍ፣ በሠርግም በለቅሶም፣ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ እንኳ ተከፍቶ የማይዘጋው አፍ፣ ከውሃው በታች ሆኖ ዝም ብሏል። ቢስቁ ይሳቁ! አለች። የት አባታቸው፣ ይሳቁ! ሱቁም ይሁን፣ ባንኮኒውም ይሁን፣ ብቻ እሱ ብቅ ብሎ ይሳቅብኝ። ከአግዳሚው ተነስታ ሮጠች።

በአየር ላይ እያለች የአሠልጣኟ ፊሽካ ከኋላዋ ሲጮህ ሰማች። ከዚያ ውሃው ጆሮዋን ደፈነው።

ከሥር አገኘችው። ዓይኑ ተከፍቷል፤ አያያትም። በትወናው ጊዜ ሬዲዮ ሊያድነው የመጣውን ሰው ሁለት እጁን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ግንባሩን ካልሳመ አይለቅም ነበር፤ አሁን እጆቹ በድን ሆነው ወደ ታች ይጎትቷታል። በብብቱ ሥር ገብታ ውሃውን ረገጠች። ከብዷታል፤ ሳንባዋ ሊፈነዳ ደርሷል። ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ስታወጣው ትንፋሽ የለውም። መንጋጋውን ስትከፍት ጥርሱ ወልቆ ጉሮሮው ውስጥ ተወትፏል። ጣቷን ሰድዳ ጎትታ አወጣችውና ጨበጠችው። ከዚያ ቀና ብላ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

«ኧረ ያገር ያለህ! ኧረ ድረሱልኝ!»

ሻምፒዮን ሲጠብቀው የነበረው ጩኸት መጣለት፤ ከሌላ ሰው አፍ ሆነ እንጂ። ልጁ ግን ክፉ አይደለም፤ ነገሩን ባየ ቅጽበት ከወንበሩ ሳይወርድ ከላይ ዘለለ። ሁለቱ ተጋግዘው ዳር አደረሱት። አሠልጣኟ ፊሽካዋን ጥላ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ ደረቱን ትጫን ጀመር። የሳቀ አንድም ሰው የለም። ቲኬት ቆራጯ ከመስኮቷ ወጥታ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «ኧረ ጋሽ ሬዲዮ! ኧረ የኛ ጉድ!» እያለች ትጮሃለች። ልጅቱ የአጎቷን ራስ ይዛ፣ ውሃ ከጸጉሯ ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አንዱን ነገር ብቻ ትደጋግማለች። «ተናገር ጋሼ። በሞቴ ተናገር። የፈለግከውን አውራ።»

ሲያስለው፣ ውሃውንም ሲተፋው፣ እናቱ የወለደችው ያን ጊዜ መሰላት።

አምቡላንሱ ውስጥ አብራው ገባች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በእርጥብ የዋና ልብሷ፣ የሰው ፎጣ ለብሳ፣ ወለሉን እያየች ተቀመጠች። ሐኪሙ ሲወጣ «ልቡ ነው» አላት። «ጠዋት ሕመም አልተሰማውም?» ደረቱን ሲያሽ ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች። «ለማንኛውም ተርፏል። ትንሽ ብትዘገዩ ግን ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ጠዋት የተናገረችው ቃል አንጀቷን በላው።

ስትገባ ሬዲዮ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶለት ተኝቷል። ፊቱ ከትራሱ ነጥቷል። አያት። በጣቱ አፉን ጠቆመ። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀኝ እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ ከያኔ ጀምሮ እንደተጨበጡ መቅረታቸውን አየች። ስትከፍታቸው ጥርሱ መዳፏ ላይ አለ፤ ቀይ ምልክት አውጥቶባታል። ቧንቧው ሥር አጠበችና ሰጠችው። ጎረሰው፣ አስተካከለው፣ ምላሱን አዞረበት።

«አለፍሽ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

በሩ ላይ ኮቴ ሰማችና ዞረች። አሠልጣኟ ናት። ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ተልጦ ደም ይዟል፤ ጸጉሯ ተበታትኗል። መቼ እንደመጣች የሚያውቅ የለም።

«ከአግዳሚው ተነስታለች» አለች አሠልጣኟ። «በሰው ተራ።»

«እና?»

«ወድቃለች። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ሬዲዮ ትራሱ ላይ ቀና ለማለት ሞከረ። «ቆይ እስቲ፣ ይግባኝ። እሷ ተራዋን ጠብቃ ቁጭ ብትል፣ እኔም እዚያው ብሞት፣ ትፈተን ነበር?»

አሠልጣኟ መሬት መሬት አየች። «አዎ» አለች።

አሠልጣኟ እጇን ኪሷ ከትታ ሰዓት መያዣዋን አወጣች። እየሄደ ነው። ገንዳው ዳር የጀመረው ቆጠራ እስካሁን አልቆመም። «ይኼን ስጫን ጥሩ እየተወኑ መስሎኝ ነበር» አለች። «እግዜር ያሳይዎት፣ ደስ ብሎኝ ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው እየሞተ ቆሜ ሰዓት የያዝኩትም እኔ ነኝ። ልጅቷ ስትነግረኝ ዝም በይ አልኳት።» ቁልፉን ተጭና ሰዓቱን አቆመችና ከአልጋው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ እፈልግሻለሁ» አለቻት ዞር ብላ። «ወደ ማሠልጠኛውም የምልከው ያንቺን ስም ነው። ማንም ቢጠይቀኝ መልሱ እኔ ጋ አለ።»

ልጅቱ «እሺ» አለች። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ወሬ ነው፤ ደስታው ግን ገና ሩቅ ነበር። ዓይኗ ሬዲዮ ላይ ነው። አሠልጣኟ ስትወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

«ጋሼ፣ ጠዋት ያልኩህን...»

«ውሃው ውስጥ ልጠራሽ ነበር» አላት አቋርጧት። «ሞከርኩ። ድምፄ እምቢ አለኝ። ኋላ ሳስበው፣ ልጅቷ ለአንድ ቀን አፍህን ዝጋ ብላኛለች፣ ቃሏን ላክብርላት አልኩ።» ሊስቅ ሞክሮ ሳል ያዘው።

አልሳቀችም። እጁን ግንባሯ ላይ አድርጋ ልክ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሬዲዮ በሕይወቱ የማይችለው ነገር ቢኖር የእሷን ልቅሶ ነው። እሱን ለማስቆም የሚያውቀው መላ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በዚያች በቀጨጨች ድምፁ ጀመረ። አምቡላንሱ ውስጥ የነበረውን ነርስ ጺም ማን እንደላጨው ጠየቃት፤ ያበላሸውን ሰው አውቀዋለሁ አለ። ከዚያ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ተመለሰ፤ ጠዋት ሳይጨርሰው የቀረ ወሬ ነበረው፤ ለካስ ሰውዬው የጎረቤትን ቧንቧ ነው የቆረጠው።

በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ገባች። «አባባ! ማውራት ተከልክለዋል እኮ። ዝም ብለው ይረፉ እንጂ!»

ልጅቱ ፊቷን ሳትጠርግ ቀና አለች።

«ተዪው በናትሽ» አለቻት። «ተዪው፣ ያውራ።»